ሙዚቃን በቤት ኮምፒውተር ከኢንተርኔት በቀጥታ ማዳመጥ ይሻላል ወይስ ፋይሉን አውርዶ ማስቀመጥ?

የኮዬ ነዋሪ (ኮዬ ፈጬ)

ጤና ይስጥልኝ። ለልጆቻችን ትምህርትና ለባለቤቴ የሒሳብ ሥራ ብለን በቅርቡ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከነስፒከሩ ገዝተናል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤታችን ሙዚቃ የሚከፈተው በእሱ ነው፤ ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት የልጆቹ ዘፈን፣ ማታ ደግሞ እኔና ባለቤቴ የምንወዳቸው የድሮ ሥራዎች ይሰማሉ። እስካሁን ሁሉንም የምናዳምጠው ከዩቲዩብ ነው። ወደ ብሎካችን መደበኛ የኢንተርኔት መስመር ገና ስላልገባ በሲም ካርድ በሚሠራ ትንሽ ራውተር እንጠቀማለን፤ ነገር ግን የገዛነው ጥቅል ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ ምሽት ላይ ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆማል።

የሥራ ባልደረቦቼ በሁለት ወገን ሆነው ይመክሩኛል። አንደኛው ወገን ፋይል መሰብሰብ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ስለሆነ በወር እየከፈሉ በቀጥታ ማዳመጥ ነው የሚያዋጣው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሁሉንም አውርጄ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዳስቀምጥ ይመክረኛል። መብራቱም ኔትወርኩም እንደኛ ሰፈር በሚቆራረጥበት ቦታ የምትኖሩና ጉዳዩን በደንብ የምታውቁ ሰዎች ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

ሽቦ አልባ (ሰሚት)

ወንድሜ፣ ሥራዬ ኔትወርክ ስለሆነ ከቁጥሩ ልጀምር። የአንድ የድምፅ ፋይል ክብደት የሚወሰነው በየሴኮንዱ በሚይዘው የመረጃ መጠን፣ ማለትም በቢትሬቱ ነው። 128 ኪሎ ቢት የሆነ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋ ባይት ገደማ ይመዝናል፤ 320 ኪሎ ቢት የሆነው ግን በደቂቃ 2.4 ሜጋ ባይት ይሆናል። ስለዚህ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን በጥሩ ጥራት 12 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ፋይሉን አንድ ጊዜ ሲያወርዱት ከጥቅልዎ ላይ የሚቀነሰው ይኸው ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ልጆችዎ ቀኑን ሙሉ ቢያስደጋግሙት ምንም አይጨምርም። በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚሰማ ከሆነ ግን ያው ዘፈን በተከፈተ ቁጥር እንደገና ሊወርድ ይችላል።

ይሁንና ወደ ውሳኔ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ያስተውሉ። በቀን ሦስት ሰዓት ድምፅ ብቻ በ160 ኪሎ ቢት ቢያዳምጡ በወር የሚያወጡት 6.5 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። እርስዎ ከዩቲዩብ ስለሚያዳምጡ ግን ድምፁን ተከትሎ ምስሉም ይወርዳል፤ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ደግሞ በአንድ ሰዓት ብቻ ግማሽ ጊጋ ባይትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ማንም በማያየው ስክሪን ላይ የሚሄደው ምስል ነው ጥቅልዎን የሚጨርሰው። ሌላውን ነገር ሁሉ ሳይወስኑ ዛሬውኑ ከቪዲዮው ማስተካከያ ውስጥ ጥራቱን ወደ 144 ቢያወርዱት ልዩነቱን ወዲያውኑ ያዩታል።

ስለ ፍጥነትም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ320 ኪሎ ቢት ለማዳመጥ የሚያስፈልገው የመስመር ፍጥነት ከአንድ ሜጋ ቢት ሢሶ አይበልጥም። በሰፈራችን ያለው መስመር ሲሠራ ከዚህ በእጅጉ ይፈጥናል፤ ችግሩ መቆራረጡ ነው። ስለዚህ ፈጣን ጥቅል መግዛት ዘፈኑ መሃል ላይ እንዳይቆም ዋስትና አይሰጥዎትም።

የስቱዲዮ ሰው (ጀሞ)

የሽቦ አልባን ስሌት እቀበላለሁ። ነገር ግን እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ለሠሪው ምን ይደርሰዋል የሚለው ነው። አንድ ዘፈን ከግጥም ደራሲው ተነሥቶ በዜማ ደራሲው፣ በአቀናባሪው፣ በመሣሪያ ተጫዋቾቹና በድምፃዊው በኩል አልፎ፣ በመጨረሻም ሚክሲንግና ማስተሪንግ በሚሠራው ባለሙያ እጅ ተጠናቆ እስኪወጣ ድረስ ወራት ይፈጃል። በካሴት ዘመን የዚህ ሁሉ ሰው ድካም የሚከፈለው ከሽያጩ ነበር። ሲዲ መቅዳት ከቀለለና ዘፈን በፍላሽ መዞር ከጀመረ ወዲህ ሽያጩ ወድቆ፣ ድምፃዊው የሚኖረው ከመድረክ ሥራ በሚያገኘው ገቢ ሲሆን፣ መድረክ የማይወጡት ደራሲና አቀናባሪ ግን ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል።

በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሥራ ያስጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አድማጩ በብር ከፍሎ የሚወደውን ዘፈን እንዲያገኝ፣ ከክፍያውም ለባለመብቶቹ እንዲደርሳቸው ታስቦ ነበር። ኤልያስ መተግበሪያው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. ላይ ቢያርፍም ያነሣው ጥያቄ ግን ዛሬም በቦታው አለ። አንድን ዘፈን በባለመብቱ ቻናል ላይ በቀጥታ ስታዳምጡት የማስታወቂያው ገቢ ትንሽም ብትሆን ለእሱ ትደርሰዋለች፣ የአድማጩ ቁጥርም ለቀጣዩ ሥራው ስፖንሰር ለማግኘት ይረዳዋል። ከየትም ከወረደ ፋይል ግን ምንም አያገኝም። ስለዚህ ወንድማችን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ በቀጥታ ማዳመጡን እመርጥለታለሁ።

መምህር ዘለገጣፎ (ለገጣፎ)

የስቱዲዮው ወንድማችን ስለ ባለሙያው ድካም የጻፈው ልክ ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እጋራዋለሁ። ከእሱ የምለየው በመፍትሔው ነው። ለባለሙያው መክፈል አንድ ጉዳይ ነው፣ የከፈሉበትን ነገር በእጅ መያዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ካሴት ስንገዛ ሁለቱም በአንድ ላይ ይፈጸሙ ነበር፤ ገንዘቡ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ይሄዳል፣ ካሴቱ ወደ ቤታችን ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ቤቱ ቢዘጋ እንኳ ማንም ከመደርደሪያችን መጥቶ አይወስደውም።

በቀጥታ በሚሰማው አሠራር ግን ከፍለንም ቢሆን በእጃችን የሚቀር ነገር የለም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቆይ በቤታችን ሙዚቃ ያልጠፋው በኮምፒውተሬ ላይ ባስቀመጥኳቸው ፋይሎች ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ጊዜ ባይመጣ እንኳ ዘፈኖች ከኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ይነሣሉ፤ አንዳንዱ ውሉ አልቆ፣ አንዳንዱ ባለመብቶች ሳይስማሙ ቀርተው፣ አንዳንዱም የጫነው ሰው ቻናሉን ዘግቶ። በተለይ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ሥራዎቻችን በአብዛኛው ባለቤታቸው ባልሆኑ ግለሰቦች የተጫኑ ስለሆኑ ዛሬ አግኝታችሁ ነገ ልታጧቸው ትችላላችሁ።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። የካሴትና የሸክላ ሽፋን ላይ ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበውና የትኛው ሙዚቃ ቤት እንዳሳተመው ይጻፍ ነበር። ዩቲዩብ ላይ የድምፃዊው ስምና «ምርጥ የድሮ ዘፈን» የሚል ርእስ ብቻ ይቀራል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በታሪክ የሚጠቀሱት እያንዳንዳቸው ላይ ማን ምን እንደሠራ ተጽፎ ስለተገኘ ጭምር ነው። ፋይሉን ራሳችሁ ስትይዙት ግን ይህን ሁሉ መረጃ እዚያው ፋይሉ ውስጥ መጻፍ፣ የሽፋኑንም ፎቶ አብሮ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ለደራሲውና ለአቀናባሪው ክብር መስጠት ከተባለ ስማቸው እንዳይጠፋ ማድረግም የዚያው ክብር አካል ነው።

የኮዬ ነዋሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቪዲዮውን ጥራት ወደ 144 ዝቅ ካደረግሁ ወዲህ ጥቅሉ በግልጽ ቆይቷል፤ ምሽት ላይ መቆሙ ግን እንዳለ ነው። ጋሼ ከለገጣፎ የጻፉት ብዙ አሳስቦኛል። ነገር ግን አንድ ያልገባኝ ጉዳይ አለ። በወር የሚከፈልባቸው የሙዚቃ መተግበሪያዎች ራሳቸው ለማውረድ ይፈቅዳሉ ይባላል። እንዲህ ከሆነ ለባለሙያውም ተከፍሎ፣ ፋይሉም በእጃችን ገብቶ ሁለቱ ሐሳቦች አይታረቁም ወይ?

ሽቦ አልባ (ሰሚት)

በከፊል ብቻ። በእነዚህ መተግበሪያዎች ውስጥ የሚወርደው ነገር የተቆለፈ ፋይል ነው፤ የሚከፈተው በዚያው መተግበሪያና በእርስዎ አካውንት ብቻ ስለሆነ ወደ ፍላሽ ገልብጠው በመኪናዎ ቴፕ ሊያጫውቱት አይችሉም። ስፖቲፋይን በምሳሌነት ብንወስድ የወረዱትን ዘፈኖች ለማቆየት ቢያንስ በየ30 ቀኑ አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ግዴታ ነው፤ ክፍያውን ካቋረጡ ደግሞ የወረደው ሁሉ አይከፈትም። ዘፈኑ ከአገልግሎቱ ላይ ከተነሣም ከእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አብሮ ይነሣል። በሌላ በኩል ለምሽቱ መጨናነቅ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሌሊት ኔትወርኩ ነፃ ሲሆን አውርደው ቀን ያዳምጡታል። የውጭ አገልግሎቶች በአብዛኛው ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ስለሚጠይቁ ግን በእኛ አገር ለሁሉም ሰው አይመችም።

ጋሼ የሚሉት ዓይነት ፋይል ያልተቆለፈው ነው። ያንን የሚያገኙት ከገዙት ሲዲ በመገልበጥ፣ ፋይል ከሚሸጡ ድረ ገጾች በመግዛት ወይም ያለዎትን ካሴት ራስዎ ወደ ኮምፒውተር በመቅዳት ነው።

ክራር ወዳድ (ሱሉልታ)

ስለ ጥራት ማንም ስላልተናገረ እኔ ልጨምር። ሰዎች «አውርጄዋለሁ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ዩቲዩብን ወደ ኤምፒ3 ከሚቀይሩ ድረ ገጾች ስለሚገኝ ፋይል ነው። ይህ ማውረድ ተብሎ በጥሩ ጎኑ መነሣት የለበትም። ዩቲዩብ ላይ ያለው ድምፅ ራሱ ተጨምቆ፣ ማለትም ፋይሉ እንዲቀል ከድምፁ ረቂቅ ክፍሎች የተወሰኑት ተጥለው፣ የተጫነ ነው፤ ድረ ገጹ ደግሞ ያንን የተጨመቀ ድምፅ ዳግመኛ ጨምቆ «320» የሚል ስም ይሰጠዋል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ድምፁ ግን ከነበረው ይብሳል እንጂ አይሻሻልም፤ አንድ ጊዜ የተጣለ የድምፅ ክፍል በቢትሬት ጭማሪ አይመለስምና።

ልዩነቱን መስማት የሚፈልግ ሰው በገና ያዳምጥ። የበገና ድምፅ ያ የምናውቀው ነዛሪ ንዝረት የሚመጣው በጅማቶቹ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ሲሆን፣ አንዱ ጅማት በተመታ ቁጥር ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ እጅግ ብዙ ረቂቅ ድምፆች አብረው ይነሣሉ። በጾም ወቅት በዝቅተኛ ቢትሬት ተቀድቶ በየቦታው የሚዘዋወረውን የበገና መዝሙር ስትሰሙ ንዝረቱ ደርቆ፣ በጥቃቅኑ ተቆራርጦ፣ ከበስተጀርባው ውኃ እንደሚፈስስ ዓይነት ድምፅ ታገኛላችሁ። ይህ የበገና ደርዳሪው ጉድለት አይደለም፤ የጨመቃው ጉድለት ነው። የጸናጽልና የጭብጨባ ድምፅም ላይ ይኸው ይታያል። በእኔ አስተያየት በገናን ለማጥፋት ከመርሳት ቀጥሎ ያለው መንገድ በ64 ኪሎ ቢት እየቀዱ ማሰራጨት ነው።

የያዛችሁትን ፋይል መመርመርም ይቻላል። ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ ፋይሉን አስገቡና ዕይታውን ወደ ስፔክትሮግራም፣ ማለትም ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በቀለም ወደሚያሳየው ሥዕል፣ ቀይሩት። በእውነት በ320 የተቀዳ የዘመኑ ዘፈን ቀለሙ እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይወጣል። በ128 ተጨምቆ የነበረና ስሙ ብቻ ወደ 320 ያደገ ፋይል ግን አብዛኛውን ጊዜ 16 ኪሎ ኸርዝ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ከዚያ በላይ ባዶ ይሆናል።

በእነዚያ ድረ ገጾች ላይ ስላለው የቫይረስ አደጋ ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም፤ ዘፈን ነው ተብሎ የወረደላችሁ ፋይል ስሙ በ«ኤግዚ» (.exe) የሚያልቅ ከሆነ ሳትከፍቱት አጥፉት።

የስቱዲዮ ሰው (ጀሞ)

እህቴ ክራር ወዳድ የጻፈችው በሙሉ ትክክል ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። የስፔክትሮግራሙ ምርመራ ለድሮ ሥራዎች አይሠራም። ከካሴት የተቀዳ ዘፈን ምንም ዓይነት ጨመቃ ሳይነካው እንኳ ከ12 ወይም ከ14 ኪሎ ኸርዝ በላይ ብዙም ድምፅ ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ባዶውን አይታችሁ ጥሩ ቅጂ እንዳትጥሉ። በካሴት ቅጂ ላይ ልታዩት የሚገባው የቆረጣውን ቅርፅ ነው። ካሴት ወደ ላይ እየሳሳ ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ የጨመቃ ቆረጣ ግን ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል።

የምትገዙት ወይም የምትገለብጡት ለማኖር ከሆነ ፍላክ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ። የሲዲ ድምፅ ምንም ሳይጨመቅ በደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ገደማ ሲሆን፣ ፍላክ አንዲት ቅንጣት ድምፅ ሳይጥል ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሹ ገደማ ያወርደዋል። ከፍላክ ወደ ኤምፒ3 ለስልክና ለመኪና በፈለጋችሁ ጊዜ መቀየር ትችላላችሁ፤ ከኤምፒ3 ወደ ኋላ ግን መንገድ የለም።

የአያት ልጅ (አያት)

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን ከሚገባው በላይ እያወሳሰባችሁት ይመስለኛል። ሰፈራችን ውስጥ ፍላሽ ይዤ ስሄድ የፈለግሁትን አልበም በጥቂት ብር የሚጭንልኝ ሱቅ አለ። ዳታም አይበላ፣ ካርድም አይጠይቅ። ገንዘብም ከፍያለሁ። ለምን ይኼ እንደ አማራጭ አልተነሣም?

የስቱዲዮ ሰው (ጀሞ)

ወንድሜ፣ የከፈልከው ለገልባጩ ነው እንጂ ለሠሪው አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የታተመ ሥራን ለግል መገልገያው ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ጋሼ የገዙትን ካሴት ወደ ኮምፒውተራቸው ቢቀዱ ማንም አይጠይቃቸውም። እያባዙ ለሕዝብ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያ የባለመብቱ ብቻ መብት ነው። ሱቁን የከፈተውም ወጣት ሠርቶ ለማደር የሚጥር ወገናችን ስለሆነ እሱን ለመኮነን አልጻፍኩም። ከዚያ ሱቅ የምታገኘው ፋይል ግን ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተጨመቀ፣ የማን ሥራ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ብዙ ጊዜ የድምፃዊው ስም ባለበት ቦታ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎ ታገኘዋለህ።

የአያት ልጅ (አያት)

ስለ ስልክ ቁጥሩ ያልከው እውነት ነው፤ ፍላሼ ላይ ያሉት ዘፈኖች በሙሉ እንደዚያ ናቸው። ገባኝ፣ አመሰግናለሁ።

መምህር ዘለገጣፎ (ለገጣፎ)

ስም አጻጻፍ ከተነሣ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልበል፤ ብዙ የሚያደክም ሥራ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የአንድ ኤምፒ3 ፋይል ስምና በውስጡ የሚጻፈው መረጃ የተለያዩ ናቸው። የውስጡ መረጃ አይዲ3 በሚባል ቅርፅ የሚጻፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ስሪት ለርእስ የሚሰጠው ቦታ 30 ባይት ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሲጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከዐሥር ፊደል በላይ አይገባበትም፤ ስሪቱም የተሠራው የእኛን ፊደል አስቦ ስላልሆነ በብዙ ማጫወቻዎች ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፕሮግራሞች የተጻፈ መረጃ ዛሬ ላይነበብ ይችላል። መፍትሔው ኤምፒ3 ታግ በመሰለ ነፃ ፕሮግራም መረጃውን በሁለተኛው የአይዲ3 ስሪት መጻፍ ነው። በዚያ ከጻፋችሁት በኮምፒውተር ላይ አማርኛው ያለ ችግር ይነበባል። የመኪና ቴፖች ግን ብዙዎቹ የግእዝ ፊደል ስለሌላቸው አሁንም ሳጥን ያሳያሉ፤ ለመኪና የምትገለብጡትን በቁጥር ብትሰይሙት ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱን ፋይል «ሠርግ»፣ ሌላውን «ሰርግ» ብላችሁ ከሰየማችሁ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ዓለም»ና «አለም» እንዲሁ ናቸው። ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ በዚያው ጽኑ። ከዘፈኑ ርእስና ከድምፃዊው ስም በተጨማሪ ግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ ባንዱንና የታተመበትን ዓመት ጻፉ። ዓመቱ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ሳትገልጹ አትለፉት፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን ዘፈን ከንጉሡ ዘመን ወደ ደርግ ዘመን ሊወስደው ይችላል።

ጥገና ቤት (ቃሊቲ)

ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ፋይል ይሻላል ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር ዘልላችኋል፤ እኔ ጋ ዲስካቸው ሞቶ የሚመጡ ሰዎች በብዛት የሚያለቅሱት ስለ ፎቶና ስለ ሙዚቃ ነው። ዲስክ ውስጥ ያለ ፋይል ሌላ ቅጂ ከሌለው አለኝ ማለት አይቻልም።

በእኛ ሰፈሮች ዋናው ችግር መብራት ነው። በመሽከርከር የሚሠራው ሃርድ ዲስክ መረጃ እየጻፈ እያለ መብራት ድርግም ካለ ሲጻፍ የነበረው ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ኃይል ደግሞ ፓወር ሰፕላዩንና ቦርዱን ይጎዳል። ስለዚህ ለዴስክቶፕ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ መግዛት ትርፍ ወጪ አይደለም፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ቢሆንም በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቻለሁ ስላሉ ደግሞ ዲስኩም ያገለገለ ነው ማለት ነው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤንነቱን ይዩት። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየዎት ምንም ነገር ሳይጭኑበት ይቀይሩት።

ሁለተኛውን ቅጂ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያድርጉት፤ ከገለበጡ በኋላ ነቅለው ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ኤክስተርናል በመብራትም በቫይረስም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከተቻለ ሦስተኛ ቅጂ ዘመድ ቤት ይኑር። ፍላሽ ለመውሰጃ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ቦታ ይበቃኛል ወይ ብለው አይጨነቁ፤ 500 ጊጋ ባይት በጥሩ ጥራት የተቀዱ ከ40,000 በላይ ኤምፒ3 ዘፈኖች ይይዛል።

የኮዬ ነዋሪ

ምክራችሁን ከባለቤቴ ጋር አንብበን እንዲህ ወስነናል። አዲስ የሚወጡ ሥራዎችንና የልጆቹን ዘፈን በባለመብቶቹ ቻናል ላይ በዝቅተኛ የቪዲዮ ጥራት በቀጥታ እናዳምጣለን፤ ለአገር ውስጥ ባለሙያዎች በብር መክፈል በሚቻልበት ቦታ ሁሉም እንከፍላለን። ዕድሜያችንን ሙሉ የምንሰማቸውን ግን ያልተቆለፈ ፋይል አድርገን በሁለት ቅጂ እናኖራለን። ዲስኩን አስመርምሬ ቢጫ ስላሳየ አስቀይሬዋለሁ፤ ጥገና ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ካሴት ነው። ከእናቴ ቤት ያመጣናቸው ካሴቶችና የሚሠራ ቴፕ አሉን። በኮምፒውተሩ ጀርባ ሦስት ባለ ቀለም ቀዳዳዎች አያለሁ፤ አንዱን ስሞክረው ድምፁ እየተንኮሻኮሸ ይገባል። በየትኛው ልሰካው?

ክራር ወዳድ (ሱሉልታ)

የሚንኮሻኮሸው በሮዙ ቀዳዳ ስለሰኩት ይመስለኛል። ሮዙ የማይክ ነው፤ የሚጠብቀው በጣም ደካማ ድምፅ ስለሆነ ከቴፕ የሚመጣው ይበዛበታል። ሰማያዊው ነው የቴፕ መግቢያ፣ አረንጓዴው ደግሞ የስፒከር መውጫ ነው። ቴፕዎ ከጀርባው ላይን አውት የሚል መውጫ ካለው ከዚያ ይጀምሩ፤ ከሌለው ከኢርፎን መውጫው ወስደው የቴፑን ድምፅ ወደ መካከለኛ ዝቅ ያድርጉት።

ከመቅዳትዎ በፊት ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ሄድና ካሴቱን የሚስበውን የጎማ መዘውር በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉ፤ ካሴቱንም አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስኪደው ወደ ኋላ ይመልሱት፣ ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ክሩ ይጣበቃልና። ኦዳሲቲ ላይ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ብለው ያስተካክሉ። የድምፁ ከፍታ መለኪያ በጣም በሚጮኸው የዘፈኑ ክፍል ላይ ከመጨረሻው ስድስት ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ያድርጉ። ዘፈኑ የታፈነ ከመሰለዎት ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በቀስታ እያዞሩ ድምፁ ጥርት ሲል ያቁሙ፤ በሌላ ቴፕ የተቀዳ ካሴት ከእርስዎ ሄድ ጋር ስለማይገጥም ነው የሚታፈነው። ብሎኗን ከመንካትዎ በፊት የነበረችበትን ቦታ በቀጭን ብዕር ምልክት ያድርጉበት።

የካሴቱን አንድ ወገን ሳያቋርጡ በሙሉ ይቅዱትና በኋላ በየዘፈኑ ይቁረጡት። የ60 ደቂቃ ካሴት ከመጨመቁ በፊት 600 ሜጋ ባይትና ትንሽ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ወደ ፍላክ ሲቀይሩት ይቀንሳል። ሹ የሚለውን የካሴት ድምፅ በኦዳሲቲ ማጽጃ ለማጥፋት ከፈለጉ በሌላ ቅጂ ላይ ይሞክሩት፤ ዋናውን እንደተቀዳ ይተዉት።